መመለሻዎ መቼ ነው?

ጋሽ ፑ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበል፣ ሻንጣውን መኪናው ላይ ሳይጭን የሚጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «መመለሻዎ መቼ ነው?» ቻይና ውስጥ ኒንግቦ ከተማ አጠገብ ያለው የማንቆርቆሪያ ፋብሪካችን ሾፌር ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ እንግሊዝኛው ከዚህች አላለፈም። ፈገግ ብሎ፣ ለሰውየው ያሰበ መስሎ ይጠይቃል። መልሱን ወዲያው ለአለቃችን ለሉኦ ይልካል።

እኔ አስተርጓሚ ነኝና የሚቀጥለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። እንግዳው አሜሪካዊ ገዢ ሰኞ መጥቶ ሐሙስ የሚመለስ ከሆነ፣ ማክሰኞ ሐይቅ ዳር እናዞረዋለን፤ ረቡዕ ሸርጣን እናበላዋለን። ስለ ዋጋ ትንፍሽ አንልም። እሱ ሰዓቱን እያየ እግሩን ያወዛውዛል፤ ሉኦ ሻይ ይቀዳለታል። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣው ሲዘጋ የውሉ ወረቀት ይወጣል። ባዶ እጁን ከመመለስ ይፈርማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ግን ሁሉም ተንኮል አይደለም። አብሮን ካልበላ ሰው ጋር ውል መዋዋል እኛን ያሳቅቀናል፤ እነሱን ደግሞ ያልተዋዋሉት ሰው ግብዣ ያሳቅቃቸዋል።

ባለፈው ጥር፣ የጨረቃ አዲስ ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማርሲ የምትባል አሜሪካዊት ገዢ ከኦሃዮ መጣች። ጋሽ ፑ እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ገና አልቆረጥኩም» አለች። «ሥራው ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

ተረጎምኩለት። ጋሽ ፑ ትኩር ብሎ አየኝ። «አልቆረጥኩም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አልቆረጠችም ማለት ነዋ፣ ጋሽ ፑ።»

«እኔ ቆርጫለሁ እኮ፣ ልጄ።»

እውነቱን ነው። ሲቹዋን ያሉትን የሰማንያ አራት ዓመት እናቱን ለበዓል ካያቸው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሁልጊዜ እንግዳ ይመጣል። ዘንድሮ ለጥር ሃያ ስድስት የባቡር ትኬት ቆርጦ፣ በቀን አሥር ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ያየዋል። ሉኦ ግን «እንግዳዋ ስትሄድ ትሄዳለህ» ብሎታል።

ማርሲን ሐይቁን አዞርናት፤ ሸርጣን አበላናት። ሁለተኛ ሐይቅ ፈለግንላት። ሁሉንም በላች፣ ሁሉንም ወደደች። እንቅልፍ ያጣው ሉኦ ነው። በየሰዓቱ ለጋሽ ፑ ይደውላል፦ «ሻንጣዋስ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዛሬም ልብሷን ለእጥበት ሰጥታለች።»

ጥር ሃያ ሁለት ላይ መኪና ውስጥ ሆነን ማርሲ ድንገት «እሱስ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ጋሽ ፑን በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው እንግዳ የለም። ስተረጉምለት ፊቱ በራ።

«ሃያ ስድስት ነዋ! ሁላችንም። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ድመት አታገኝም። ሥራ መኖሩ ካልተነገረው ደግሞ ግማሹ ሰው ከበዓል አይመለስም። እኔማ እናቴ ትጠብቀኛለች።»

ስንቱን ነገር አለስልሼ ያሳለፍኩ ሰው፣ ያን ቀን ደክሞኝ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ሻዩ ሳይቀዳ ማርሲ ጀመረች። «አቶ ሉኦ፣ ጊዜ አናባክን። ሾፌርህ ሰዉ ሁሉ ሃያ ስድስት እንደሚሄድ፣ ሥራ ከሌለም እንደማይመለስ ነግሮኛል። የቸኮልከው አንተ ነህ፤ እኔ እዚሁ ነኝ። ዋጋዬ ይኸው። ፈርምና ሰውየው እናቱን ይይ።»

ሾፌር የምትለዋን ልውጣት ብዬ አሰብኩ። ግን ሉኦ ያቺን ቃል በእንግሊዝኛ ያውቃታል። ሳቀ፤ በጥርሱ ብቻ። ከዚያ በእሷ ዋጋ ፈረመ።

ሲወጣ ራሱ ወደ መኪናው ሄደ። «ፑ፣ ብዙ ደከምክ። ነገውኑ ሂድ። ደህና እረፍ፣ እናትህን ጠግበህ እይ። አትቸኩል።»

ተረጎምኩላት። ማርሲ ደስ አላት። «አየሽ?» አለችኝ፤ «በግልጽ መናገር እንዲህ ነው።» እኛ ዘንድ አለቃ «አትቸኩል» ካለ፣ ከእንግዲህ መሪውን ሌላ ሰው ይይዘዋል ማለት ነው። ለእሷ ይህን የሚተረጉምላት ቃል አላገኘሁም፤ ማግኘትም አልፈለግሁም።

ጋሽ ፑ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«ተይ» አለኝ። «ስጠይቅ ኖሬ ተጠየቅሁ፤ ሌላ ምን ሆነ?»

በበዓሉ ጠዋት ደወለልኝ። ከጀርባው ርችት ይንጣጣል። እናቱ በር ላይ ቆመው፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ «መመለሻህ መቼ ነው?» ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ።

«ምን አልካቸው?»

«ገና አልቆረጥኩም አልኳት። ልጄ፣ እናቴ እንደዚያ ደስ ሲላት አይቻት አላውቅም።»