የአክስቴ ሰርግና የአባቴ ማኒፎልድ

የእኔ ልጅነት ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አባቴ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡም ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ የተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው እግሩ ከየትኛው መኪና ሥር እንደወጣ ነበር። "የማይገጥም ዕቃ የለም፣ ያልተሞረደ እንጂ" ይል ነበር፤ እኔም እንደ ወንጌል አምነዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ትርሲት፣ ልታገባ ሆነ። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ አንድ አልጋ ላይ አቅፋኝ የምትተኛ፣ የሒሳብ የቤት ሥራዬን አብራኝ የምትሳሳት እሷ ነበረች። ሙሽራው የሚሠራው ዋው የምትባል ሩቅ ከተማ ስለሆነ ከሰርጉ ማግስት ይዟት ሊሄድ ነው። ቤቱ በሙሉ እልል ሲል እኔ ሆዴ ባባ።

ሙሽራዋን ንያኩሮን ሰፈር ወዳለው ቸርች የምታደርሳት የአባቴ ነጭ መኪና ነበረች። ለሰርጉ አራት ቀን ሲቀር ማኒፎልዷ ተሰነጠቀ፤ አየር ለሞተሩ የሚያከፋፍለው ባለ አራት ቱቦ ዕቃ ማለቴ ነው። የእሷ የአዲሱ ስሪት፣ ፕላስቲክ ነበር፤ እሱን የመሰለ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጠፋ። አባቴ ኮንዮ ኮንዮ ገበያን ሲያስስ ውሎ የዚያው ሞተር የድሮ ስሪት የሆነ ከባድ የአሉሚኒየም ማኒፎልድ ተሸክሞ መጣ።

አዲስ አበባ አድጎ አገሩ የተመለሰው ጎረቤታችን ዴንግም መካኒክ ነበር። ዕቃውን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአያቷ ነው! ማፊ ፋይዳ፣ አይሆንም!"

"በኢየሱስ ስም ይገጥማል" አለ አባቴ።

ሁለቱ የቡሎን ቀዳዳዎች አልገናኝ ብለው ሦስት ቀን ሞረዳቸው። በመሐል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን፣ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ቆረጠው። የሞተሩ አራት የአየር አፎች አቧራ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ተጠቅጥቀው ነበር። ዓርብ ከሰዓት ጨርቆቹን አወጣና ጓርኒሲዮኑን ሊያመጣ ቤት ገባ። ይሄኔ አንዷን በግራሶ የጠቆረች ጨርቅ አንስቼ፣ ጣቴ እስከደረሰ ድረስ ወደ ውስጥ መልሼ ከተትኳት። መኪና ከሌለ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ትርሲት አትሄድም። የዘጠኝ ዓመት ሒሳብ!

ማኒፎልዱ ታሰረ፣ ሞተሩም ተነሳ፤ ግን መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች። ዴንግ ከአጥር ማዶ "አላልኩም?" አለ። አባቴ ቡሎኖቹን ደግሞ አጠበቀ፣ ካንዴላ ለወጠ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና "አልገጠመም" አለ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ትርሲት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "ወንድም ጋሼ፣ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ በቦዳቦዳ ሞተርም ቢሆን እሄዳለሁ!" ብላ ሳቀች።

"በራሴ መኪና ልሸኝሽ ነበር" አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያኔ ሒሳቤ ተሳሳተብኝ። እሷ መሄዷ አልቀረም፤ የሰበርኩት አባቴን ብቻ ነው። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"አባባ፣ ጨርቅ አለበት። እኔ ነኝ የከተትኩት።"

ተነስቶ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና ፈታ። ጨርቋን በፒንሳ ጎትቶ አወጣና ትክ ብሎ አየኝ። ቁንጥጫው መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ጨርቋን እያውለበለበ ወደ አጥሩ ሮጠ። "ዴንግ! ገጥሟል! ድሮም ገጥሞ ነበር!" ቁንጥጫውስ በኋላ አልቀረልኝም፤ እየሳቀ ስለቆነጠጠኝ ግን አላመመኝም።

ቅዳሜ ትርሲትን በነጯ መኪና ሸኘናት። አባቴ በየመታጠፊያው ጥሩምባ ይነፋ ነበር። እሑድ ወደ ዋው ስትሄድ ግቢው በር ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ዛሬ የራሴ መኪና አለኝ። ስትበላሽ የስሪቷ ቁጥር በስልክ ይነገርና ልኳ ይመጣል፤ የሚሞረድ ነገር የለም። ባለፈው ወር አባቴ አርጅቶ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ጫንኩ፣ እሱን ፊት አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዬ ወዲያው ተነሳች። አባቴ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጣትና "ደህና ናት" አለኝ።

ያን ቀን እንኳ አንዴ እምቢ ብትል ምን ነበረበት!