ለአረቧ ዘፋኝ የተሳልነው ምንጣፍ

ልጅ እያለሁ ሞላሌ ውስጥ እኛ የምናውቀው አረብኛ የሚሰማ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ። ከቆላው በኩል መጥተው ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጅዳ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው አዲስ አቡጀዴና ብል እንዳይበላው በጨርቁ መሀል የሚያኖሩት ነጭ ፍሬ ይሸታል። ከባንኮኒው በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ያን ጊዜ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ የሚያየው የአረብ ጣቢያ ነበር። ቋንቋውን ማንም ሳይሰማ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶ እያለቀሰ ይወጣል።

እኛ ግን ለፊልም አልነበረም የምንሄደው። እናቴና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ የምንሰየመው አንዲት የማናውቃት አረብ ልጅ ስትዘፍን ለማየት፣ እንድታሸንፍም ለመጸለይ ነበር። አሁን ሳወራው የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የቤታችን ጉዳይ ሁሉ በዚያች ልጅ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እህቴ ስንዱ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ አረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ስትሄድ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሹሩባዬን ይዛ «ቅማል እንዳታፈሪበት» እያለች ስታሾፍብኝ ነበር። እሷ ስላላለቀሰች እኔም አላለቀስኩም።

ውሏ የሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ደወለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ጆሮዬን ከጉንጯ ላይ ለጥፌ ሰማናት።

«እማዬ፣ የቤቱ ልጅ ሀናን በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ገብታለች። ማዳም ውድድሩ ሳያልቅ የትም አትሄጂም ብላኛለች። ሀናን ካሸነፈች ግን ወርቅ አጥልቄልሽ አገርሽ እሰድሻለሁ ብላ ምላለች።»

«ካላሸነፈችስ?» አለች እናቴ።

«እሱን አልጠየቅኳትም። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው።»

«ለመሆኑ ድምፅ አላት?»

«አላት እማዬ። ኩሽና ሆኜ ስሰማት እኔንም ታስለቅሰኛለች።»

ጋሽ ሰይድ ጣቢያውን ፈልገው አገኙልን። ውድድሩ ዓርብ ማታ ይተላለፍና ቅዳሜ ከሰዓት ይደገማል፤ እኛ የምናየው የተደገመውን ነው። ለካ እናቴ ወደ ላይ አንጋጣ ስትማጸን የነበረው ትናንት ላለቀ ነገር ኖሯል። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ለእሷ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ወንበር ስላልነበረ ያልተፈታ የጨርቅ ጥቅል ላይ እንቀመጣለን። እናቴ የበግ ፀጉርና እንዝርቷን ይዛ ነው የምትመጣው፤ ከአቡጀዴው ሽታ ጋር የፀጉሩ ላብ ይደባለቃል። ሀናን ብቅ ስትል እንዝርቱ ይቆማል። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ነበረች፤ ከመጀመሯ በፊት ከንፈሯን ትነክሳለች። ጋሽ ሰይድ ዳኞቹ የሚሉትን ባጭሩ ይነግሩናል፤ «ወደዋታል»፣ «ትንሽ ፈርተሻል ነው የሚላት»፣ «ይቺኛዋ ምቀኛ ናት»። የመጨረሻው የማን አስተያየት እንደሆነ እንጃ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ጾም ላይ ዘፈን መስማቱ እናቴን ይቆጠቁጣት ነበር። ሀናን ጨርሳ ስትወጣ አማትባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ የሌሎቹን ዘፈን እንዳታይ።

ወሬው ገበያ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ውድድሩን «የስንዱ ዘፈን» ይለው ጀመር። ድምፅ የሚሰጠው በስልክ ነው ሲባል የሰፈሩ ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው ተሰልፈው ነበር። ጋሽ ሰይድ «ከእኛ አገር አይቀበልም» አሏቸው። ትምህርት ቤት ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ሦስት ልጆች ድንጋይ ላይ ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ፤ እኛ ተራ በተራ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዘን በፈጠርነው አረብኛ እንዘፍናለን። ሀናን የምሆነው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ በእህቴ የመጣ ሹመት ስለሆነ የሚከራከረኝ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ስንዱን ረስቼ ሀናንን ብቻ የምወድባቸው ቀናት ነበሩ። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ድምፅ መስጠት እንደማይቻል የሰማች ዕለት እናቴ «እንግዲያስ እኔም የማውቀው ደጅ አለ» አለች። በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አባ ተክሌን ማርያም ግቢ አግኝታ ለአረቧ ልጅ ልትሳል እንደሆነ ነገረቻቸው። አባ ተክሌ ጭራቸውን ይዘው ቆሙ።

«ለዘፈን ስለት ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም ላልተጠመቀች።»

«ለዘፈኑ አይደለም አባቴ፤ ለስንዱ ነው።»

«እንግዲያ ስንዱን ለምኚያ! ስንዱን ብለሽ ጥሪ።»

እናቴ ግን ነገሩን በልቧ አውጥታ አውርዳ ጨርሳ ነበር። ማዳም የማለችው በማሸነፉ ነው፤ ካሸነፈች ስንዱ ትመጣለች፤ ስለዚህ መለመን ያለበት ማሸነፉ ነው። አባ ተክሌ ከሄዱ በኋላ እኔን አጠገቧ አቁማ፣ ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «የለመኑሽን የማትነሺ፣ የነገሩሽን የማትረሺ እመቤቴ፣ ይቺን ሀናንን አሸናፊ አድርጊልኝና በእጄ የፈተልኩትን ምንጣፍ ለሰኔ አገባልሻለሁ» ብላ ተሳለች። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። የስንዱ ስም አልነበረበትም።

ከፍጻሜው በፊት በነበረው ሳምንት የተወዳዳሪዎቹን ቤት አሳዩ። ሀናን፣ እናቷ፣ አባቷና ወንድሟ ቢጫ ሶፋ ላይ ተደርድረዋል። ከኋላቸው በር ተከፈተና ጥቁር ሻሽ ያሰረች ልጅ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ገባች። ትሪውን አስቀመጠች፤ ማዳም ሳትዞር በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ ልጅቷ ወጣች።

«ስንዱ!» ብዬ ጮህኩ፣ ቴሌቪዥኑ የሚሰማኝ ይመስል።

እናቴ አልጮኸችም። እንዝርቱ ከእጇ ወድቆ ባንኮኒው ሥር ተንከባለለ። «ከስታለች» ብቻ አለች።

ጠያቂው አንድ ነገር ሲጠይቅ ማዳም ፈገግ ብላ አራት ጣቷን አነሳች።

«አራት ምንድን ነው ጋሽ ሰይድ?»

«እዚህ ቤት የምንኖረው አራት ነን ነው የምትለው።»

«ከስንዱ ጋር?»

ጋሽ ሰይድ ወደ እናቴ ዞሩ። «አዎ እትዬ ፀዳለ፤ ከስንዱ ጋር።»

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ መቁጠር አያቅተኝም። ሶፋው ላይ ያሉት ራሳቸው አራት ነበሩ። ጋሽ ሰይድ መቁጠሬን አይተው ዓይኔን ሸሹኝ፤ እኔም ለእናቴ አልነገርኩባቸውም።

ሀናን አሸነፈች። ከላይ ወርቃማ ወረቀት ዘነበባት፤ ማዳም መድረክ ላይ ሮጣ ወጥታ አቀፈቻት፤ ሱቁ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ሰይድ ከረሜላ በተኑ። እናቴ መሬቱን ስማ ተነስታ የማላውቀውን ዘፈን እያንጎራጎረች ቤት ገባች። ግድግዳችን ተመረገ፤ የስንዱ መደብ ላይ አዲስ ባና ተነጠፈ። እኔ ከክፍሌ አራተኛ የወጣሁበትን ካርድ ላሳያት ብዬ ትራሷ ሥር አስቀመጥኩላት።

በዘጠነኛው ቀን ደወለች።

«እማዬ፣ ማዳም ሐሳቧን ቀይራለች። ሀናን ካሸነፈች ወዲህ ከአገር አገር እየዞረች ልትዘፍን ነው፤ ልብሷን የሚይዝላት፣ የሚያጥብላት ሰው ትፈልጋለች። ያለ እኔ አይሆንላትም አሉ። አንድ ዓመት ጨምሪ ተብያለሁ።»

ስንዱ ቀጥላ፣ «ብትሸነፍ ይሻለኝ ነበር» አለች። «የተሸነፈችዋ ቤት የምትሠራዋ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት አገሯ ገባች።»

ስለቱን እናቴ አልነገረቻትም።

ግንቦትን ሙሉ ምንጣፉ ተሸምኖ፣ ተጠቅልሎ የስንዱ መደብ ላይ ተኛ። ጎረቤቶቻችን ሁለት ሆኑ። ግማሹ «ልጅቷ ሳትመጣ ምን ስለት አለ፤ አታግቢ» አላት። ግማሹ ደግሞ ስለት የበላ ቤት እንደማይበጀው እየነገረ አስፈራራት። አንዲት አሮጊት ደጃችን ላይ ቆመው «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም» ብለው ተርተው ሄዱ። እኔ ተረቱን ጠላሁት። እናቴ ምን አድርጋ ነው ማርያም የምትቆጣት? ሰኔ ሃያ አንድ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ምንጣፉን ወደ ደጅ አውጥታ ስታራግፍ አየኋትና፣ «አታግቢላት! ማርያም አታለለችን» አልኳት።

በጥፊ መታችኝ። በሕይወቴ የመታችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«አላታለለችንም» አለች። «የለመንኳትን ሰጠችኝ። እኔ ነኝ የራሴን ልጅ ትቼ የሰው ልጅ የለመንኩት።»

የማርያም ዕለት ዝናብ ነበር፤ ጉሙ ከመቅደሱ ጉልላት በታች ወርዶ ነበር። እናቴ ምንጣፉን በፕላስቲክ ሸፍና ተሸክማ ገባች። ስለት የደረሰለት ይናገር ሲባል ቆማ «ደርሶልኛል» አለች። ሴቶቹ የቤታችንን ነገር እያወቁ፣ ወጉ ነውና፣ እልል አሉላት። ከዚያን ቀን በፊት እልልታ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ስንዱ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ በየጊዜው ድምፅዋ እያጠረ ሄደ። ከዚያ ስልኩ አልሠራ አለ። የላካት ደላላ «ከቤቱ ወጥታ ጠፍታለች አሉ» ከማለት ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም። ጋሽ ሰይድ እዚያ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሁሉ አስጠየቁ፤ አልተገኘችም። ሞታለች ብሎ ያረዳን የለም፤ አለች ብሎም የምሥራች ያለን የለም። ልቅሶ አልተቀመጥን፤ ተዝካር አላወጣንላት። መደቧ እንደተነጠፈ ነው።

ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየኪሳቸው ቴሌቪዥን ይዘው ይዞራሉ፤ ለአንድ ዘፈን ብሎ ሰው ሱቅ መሄዱን ሳወራላቸው ተረት ይመስላቸዋል። ሀናንን ስልኬ ላይ ስሟን ጽፌ ባንድ አፍታ አገኛታለሁ። ወፈር ብላለች፤ ልጆች ወልዳለች፤ ድምፅዋ አሁንም ያምራል፤ ማማሩ ያናድደኛል። ዘፈኑን ድምፅ አጥፍቼ ከኋላዋ የሚያልፉትን፣ ቦርሳ የሚይዙትን፣ ቀሚሷን ከመሬት የሚያነሱላትን ሴቶች ብቻ አያለሁ። ያኔ አንዲት የሱቅ ቴሌቪዥን ስንዱን አሳይታን ነበር፤ ዛሬ ይህ ሁሉ ስክሪን ሊያሳየኝ አልቻለም።

አምና የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ሐኪሙ ደም ግፊትሽ አላማረኝም ብሎ አስፈራራኝ። ፈርቼ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አንድ ቀን አላስታጎለችም፤ ግን ከዚያ ሰኔ ወዲህ በስም ጠርታ አንዳች ነገር ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። ደጁ ላይ ቆማ «አንቺ ታውቂያለሽ» ትልና ተሳልማ ትመለሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እማዬ፣ በሰላም እንድገላገል ተሳይልኝ» አልኳት።

ሆዴን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ቶሎ ሰበሰበችው።

«ተይኝ ልጄ፤ ሌላ ሰው ይሳልልሽ» አለችኝ። «የእኔ ስለት ይደርሳል።»