በአሥር ዓመቷ የወለደችው እናት

የባሌ እህት ሰርግ ላይም ሆነ ተዝካር ላይ፣ ሰው ከተሰበሰበና እኔ ከተቀመጥኩ፣ አንድ የማትለቃት ወሬ አላት። «ይቺ ምራታችን እኮ» ትላለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «በሂሳብ ፈተና ላይ በአሥር ዓመቷ የወለደች እናት አገኘች። አግኝታም ዝም አላለች፣ መልስ ጻፈችላት!» ሰው ይስቃል። እኔም ፈገግ ብዬ ውሃዬን እጎነጫለሁ፤ ታላቄ ናትና በሰው ፊት አልመልስላትም። በጽሑፍ አልመልስም ያልኩበት ቀን ግን የለም።

ስሟን አልጽፍም። የራሴንም አልጽፍም። እድሜዬን ለማወቅ ብሎ ይህን የሚያነብ ካለም እዚሁ ላይ ይተወው። በአፌ «አንቱ» እላታለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን «እሷ» ትበቃታለች።

ነገሩ የሆነው ወደዚህ ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት አገር በገባን በሰባተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሄርዝል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ወለል እወለውል ነበር። ጉልበቴ ባልዲውን ጠልቶታል። በዚያ መሀል ለመዋዕለ ሕፃናት ረዳቶች ይፈለጋሉ፣ ኮርስ ወስዶ መጨረሻ ላይ በሂሳብ ፈተና ስድሳ ያመጣ ይገባል ተባለ። ሕፃን ለመጠበቅ ሂሳብ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁ። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ተመዝገቢ» አሉኝ። ተመዘገብኩ። ስድሳ ካመጣሁ ከልጆች ጋር ልውል፣ ካላመጣሁ ወደ ባልዲዬ ልመለስ። እኔ ስለተመዘገብኩ እሷም ተመዘገበች። ጎንደር እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ስድስተኛ ክፍልን እንደ ሜዳሊያ ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የምትዞረው።

ከፈተናው በፊት ግን የመዝገቡን ጉድ ልናገር።

የገባን ሰሞን ጠረጴዛ ዘርግተው መዘገቡን። እኛ የተወለድንበትን ዓመት በአገራችን አቆጣጠር እንናገራለን፣ አስተርጓሚው ስምንት ይደምርበትና ለጸሐፊዋ ይነግራታል። የእኔ ተራ ሲደርስ የባሌ እህት በክንዷ ገፋ አደረገችኝና «እሷ አልተማረችም፣ እኔ ልናገርላት» አለች። መማሯን ለማሳየትም ስምንቱን በሆዷ ደምራ ጨርሳ ተናገረች። አስተርጓሚው ይህን በምን ያውቃል? የራሱን ስምንት ደግሞ ጨመረበት። ከዚያ እሷን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ጠሯትና የልጄን ዓመት እኔው ተናገርኩ፤ የልጄ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተደመረ። በአንድ አፍታ እኔ በስምንት ዓመት አነስኩ፣ ልጄ ባለችበት ቀረች። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የወለድኳት ልጅ፣ በመንግሥት ወረቀት በአሥር ዓመቴ የወለድኳት ሆነች።

ስህተቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። ለማስተካከል ስንሞክር በወቅቱ የነበረ ሰው ጽፎ ይመስክር አሉን። የነበረችው እሷ ናት። «እኔ? አስተርጓሚው ነው እንጂ!» ብላ ካደች። ይባስ ብላም እድሜዬን ሰርቄ መግባቴን አስወራችብኝ። በእውነት የምትበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው፤ በወረቀት በአሥር ትበልጠኛለች፤ በዚህም እኔን ነው የምትቀየመኝ።

ወደ ፈተናው ልመለስ። መምህራችን ከጎረቤት ከተማ ከነስ ጺዮና በብስክሌት የምትመጣ ወጣት ነበረች። «ሞራ» እንላታለን፣ እንደ ዕብራይስጡ። አሥር ጥያቄ ሰጠችን፣ እያንዳንዱ አሥር ነጥብ። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ የእናቲቱ እድሜ የልጇ እጥፍ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ግን የልጇ ሦስት እጥፍ ነበር። ዛሬ እናትና ልጅ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?

በዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ኢክስ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይቃትታሉ። እኔ ኢክስ አልወድም። እናትና ልጅ ካሉ እኔና ልጄ አለን አልኩና በመታወቂያዬ ሞከርኩት። ልዩነታችን አሥር ነው። ልጄ አሥር ስትሆን እኔ ሃያ፤ እጥፍ። ከአምስት ዓመት በፊት እሷ አምስት፣ እኔ አሥራ አምስት፤ ሦስት እጥፍ። ልክክ አለ! ይህቺን ሴት አውቃታለሁ። «እናት 20፣ ልጅ 10» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የባሌ እህት ነበረች። አንገቷ ረጅም ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም። አየት አደረገችና ብድግ አለች።

«ሞራ! ይሄ ጥያቄ ነውር ነው! እናቲቱ ሃያ፣ ልጂቱ አሥር። በአሥር ዓመቷ ነው እንዴ የወለደቻት?»

ክፍሉ ታመሰ። «ኧረ የጉድ አገር!» አለች አንዷ። ከኋላ ያለች ሴት «ምናልባት የእንጀራ እናቷ ትሆናለች» አለች። «የእንጀራ እናትማ ብትሆን እውነተኛ እድሜዋን መች ትናገር ነበር?» አለቻት ጓደኛዋ። መምህሯ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። የዐምናውን ጥያቄ እንዳንኮርጅ ብላ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይራ ኖሯል፤ ቁጥር ስትቀይር እናቲቱን ሕፃን አድርጋታለች። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ጥያቄው የተበላሸ ነው የምትሉ እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ» አለች። ሁሉም «የተበላሸ ነው» ብለው ጻፉ። እኔ የጻፍኩትን የማጥፋት ልማድ የለኝም።

ውጤቱ መጣ። እሷ ስድሳ ሁለት፣ እኔ ሃምሳ አራት። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ትልቅ ዜሮ፣ አጠገቡ በቀይ «እንዲህ ያለች እናት የለችም» የሚል ጽሑፍ።

የለችም? በዚያ ጠዋት ልጄን የወታደር ልብሷን ተኩሼ ወደ ጦር ሰፈሯ ሸኝቼ ነው የመጣሁት!

በማግስቱ መታወቂያዬንና ልጆቼ ከነልደታቸው የተጻፉበትን አባሪ ወረቀት ይዤ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። የባሌ እህትም እዚያ ናት፤ የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ ስሟ በትክክል መጻፉን ትመረምራለች።

«ሞራ፣ የለችም ያልሻት እናት መጥታለች» አልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

አየችው። ቀነሰች። እንደገና በጣቷ ቀነሰች። «ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«ማኅተም አለበት። ከማኅተም ጋር አትከራከሩ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ።»

መምህሯ ጭንቅላቷን ያዘች። «እንዲህ ያለች እናት ካለች ጥያቄዬ ትክክል ነበር ማለት ነው። ትክክል ከሆነ ደግሞ ተበላሽቷል ያሉት ሁሉ አሥሩን ነጥብ ይመልሳሉ።»

ከስድሳ ሁለት አሥር ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት ነው። የባሌ እህት በሕይወቷ እንደዚያ ፈጥና ቀንሳ አታውቅም።

«ቆይ ቆይ ሞራ! ውሸት ነው! የወለደችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አራስ ቤት ገንፎ ያገነፋሁላት እኔ ነኝ! መዝገቡ ነው የተሳሳተው!»

«እንዴት ተሳሳተ?»

የምስክር ወረቀቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ይንገሯት እንጂ፣ እትዬ» አልኩ በፍጹም አክብሮት።

«ስምንቱ... ሁለት ጊዜ ተደመረ።»

«ማን ደመረው?» አለች መምህሯ።

«አንዱን አስተርጓሚው።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ቤሰደር! እኔ ነኝ! ልርዳት ብዬ ነው!»

ዓመታት የጠበቅሁት ቃል ነው። ወዲያው ከመምህሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኩ። «ይህችኑ ይጻፉልኝ፣ እትዬ።» የምስክር ወረቀቷን በግራ እጇ ጨብጣ በቀኝ እጇ ጻፈች፤ ቀን አደረገችበት፣ ፈረመች። አጣጥፌ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ችግሩ፣ እሷ ስታምን ጥያቄው እንደገና ተበላሸ፤ እኔም እንደገና ሃምሳ አራት ሆንኩ። ባልዲው ታየኝ።

«ሞራ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ሐኪም ቤት እድሜዬን ሲጠይቁኝ የመታወቂያዬን ነው የምናገረው። ባንክ ቤትም የመታወቂያዬን። እውነተኛውን ልናገር ስል ‹ወረቀትሽ እንደዚያ አይልም› ይሉኛል። አንቺም ጠየቅሽኝ፣ በወረቀቴ መለስኩልሽ። ሌላ መልስ ከፈለግሽ ሌላ መታወቂያ ስጪኝ።»

መምህሯ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስትል «ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለችና ለእኔም አሥር ጨመረችልኝ፣ ከእሷም ሳትቀንስ። ስድሳ አራት! በሁለት ነጥብ እበልጣታለሁ። ሰርግ ላይ ይህቺን አትናገራትም።

ከዚያ ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነኝ፤ የስንት ልጅ አፍንጫ እንደጠረግሁ አላውቅም። ደብዳቤውን አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ኮሮጆ ውስጥ አቆየሁት። ዘንድሮ፣ የጡረታ ጊዜዬ በእውነት ደርሶ በወረቀት ገና ስምንት ዓመት ሲቀረው፣ እድሜዬን ላስተካክል ይዤው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው እዚህ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። አነበበችውና በሐዘኔታ አየችኝ።

«እማማ፣ የተጻፈበትን ቀን አይተውታል?»

አየሁት። የባሌ እህት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነበር የጻፈችው።

«በዚህ ቀን እርስዎም ምስክሯም ገና ወደ አገሩ አልገባችሁም» አለች ልጅቷ።

«ስምንት ደምሪበታ!»

«እማማ፣ እኔ እንድደምር አይፈቀድልኝም።»

ከዚያ በቀጥታ የባሌ እህት ቤት ሄድኩ። ወደ ገበያው ወደ ቢሉ ሴንተር ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እጽፍልሻለሁ» አለች። «ግን በሚመጣው ሰርግ ላይ ተነሥተሽ በሂሳብ እንደምበልጥሽ በሰው ፊት ትናገሪያለሽ።»

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። አሰብኩበት። ስድሳ አራት ከስድሳ ሁለት ይበልጣል። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ልጆቹ እሄዳለሁ፤ ለጡረታ የቀረኝ ስምንት ዓመትም ቢሆን እሄዳለሁ።