በኢያንቲ ግቢ የሚያልፈው መንገድ

ኢያንቲ ሊበርድ ከካሪቢያኗ የኔቪስ ደሴት በመርከብ ወጥታ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አርባ አንድ ዓመት ካፖርት ስትሰፋ ኖረች። ያን ሁሉ ዘመን፣ ከስፌት መኪናው ኋላ ሆና ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት የእናቷ ግቢ ነበር።

ከታችኛው መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው አቋራጭ በዚያ ግቢ መሐል ያልፋል። እሁድ እሁድ ሰዉ ጫማውን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይመጣና፣ ከእናቷ በርሜል ውሃ ቀድቶ ታጥቦ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫማል። የማን ካልሲ እንደተቀደደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ሁሉም እዚያ ይታወቅ ነበር። ያኔ ሰው እንዴት ይስቅ ነበር!

እናቷ ካረፈች ቆይታለች። ባሏ ሲሞት ኢያንቲ የሊድሱን ቤት ሸጣ ጠቅልላ አገሯ ገባች። የእናቷ የእንጨት ጎጆ በነበረበት ላይ የብሎኬት ቤት ሠራች፤ ጽጌረዳ ተከለች፤ ፍየል እንዳይበላባትም ዙሪያውን በግንብ አጠረችው። ክፋት አልነበራትም። እሷ በኖረችበት አገር ሁሉም ግቢውን ያጥራል፤ አቋራጩን ዛሬም ሰው እንደሚሄድበት አላሰበችም።

ማንም ምንም አላላትም። ሰዉ በላይኛው የመኪና መንገድ ዞሮ መሄድ ጀመረ። ሱቅ ስትገባ «እንግሊዟ መጣች» ብለው ወንበር ይለቁላታል። ወንበር መልቀቃቸው ነው አንጀቷን ያቃጠላት፤ የራሳቸው ሰው ብትሆን ተጠጊ ይሏት ነበር። በረንዳዋ ላይ ብቻዋን ትውላለች። ለዝምታማ ሊድስ ምን አነሰኝ ትላለች።

አብሮ አደጓ ኦርሊን ሦስት እሁድ በተከታታይ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። ታማ ይሆን ብላ ኢያንቲ የዝንጅብል ኬክ ይዛ ሄደች። ኦርሊንን ጉልበቷን በዘይት ስታሽ አገኘቻት። በሽታ የለብኝም፣ በላይኛው መንገድ ዞሬ ዳገቱን መውጣት አቅቶኝ ነው አለቻት።

«ታዲያ በእኔ ግቢ አታልፊም?»

«በምኑ በኩል? ክንፍ አውጥቼ? እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ያልዘጋችውን አንቺ በሁለት ሳምንት ደፈንሽው።»

«እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

«ለባዕድ ማን ይናገራል፣ ኢያንቲ?»

ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። በማግስቱ ግንቡን የሠራውን ኪትሮይን ጠርታ፣ መንገዱ በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል አፍርስልኝ፣ በርም አታድርግበት አለችው። ኪትሮይ እየሳቀ፣ እንግዲህ ጽጌረዳሽን ከወዲሁ ተሰናበቺው አላት።

እውነቱን ነው፤ ፍየሎቹ በሳምንቱ ጨረሱት። ሰዉ ግን ቶሎ አልመጣም፤ የተቀየመ እግር መመለሻው ሩቅ ነው። መጀመሪያ ኦርሊን በምርኩዟ መጣች፤ የቤቱ ቀለም እንዳስጠላት ተናግራ አለፈች። ከዚያ ተማሪዎቹ፣ ቀስ በቀስም ሌላው። ኢያንቲ ድምፅ በሰማች ቁጥር መስኮቱ ጋ ናት።

አንድ ሐሙስ ከተማ ወርዳ ሳለች ድንገት ዶፍ ወረደ። ገመድ ላይ የተወችው አንሶላ ትዝ ብሏት፣ አውቶቡስ ውስጥ ስትብሰለሰል መጣች። ስትደርስ ገመዱ ባዶ ነው። አንሶላዎቹ እምብዛም ሳይረጥቡ፣ ጫፍና ጫፋቸው ሳይገጥም ተጣጥፈው በረንዳው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጭቃ ዱካ ንጹሑን ወለል አቋርጦ ወርዷል። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ማን አስገባልኝ ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም።

ኢያንቲ ጭቃውን ሳትጠርግ አሳደረችው።