ጀልባ ላሳድስ ሄጄ «ጎማው ስንት ነው?» ተባልኩ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ለዒድ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጅግጅጋ አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ ቅጽ እየሞላች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ጎማው ስንት ነው?»

«ጎማ የለውም።»

«ተነቅሎ ነው?»

«ጀልባ ነው እኮ!»

አሁንም ቀና አላለችም። «ይሁን... ጎማው ስንት ነው?»

እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ነው የሚፈላው። ዘጠነኛ ክፍልንም ያስተወኝ እሱ ነው። የሂሳብ አስተማሪው ላይ ጮኬ፣ ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ... እንደወጣሁ ቀረሁ።

አዎ፣ ጅግጅጋ ውስጥ ጀልባ። ሳቁና ጨርሱ፣ ልቀጥል።

አዴር ጉሌ ከከተማ ወጣ ብሎ አትክልት ቦታ አለው። («አዴር» በሱማልኛ አጎቴ ማለት ነው፣ እዚህ ትልቅ ሰው ሁሉ አዴር ነው። አንቱ ስለው ደግሞ ይቆጣል።) አትክልቱ መሀል ያለው ኩሬ ላይ፣ ከጅቡቲ በደወሌ በኩል በአይሱዙ ጭኖ ያመጣትን ጀልባ አስገብቶ ሰው ያዝናናል። ቀዛፊው እኔ ነኝ። ኩሬው ወገብ አይሞላም፣ ግን ዒድ ሲሆን ሕዝቡ ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋል።

ጀልባዋ አንድ አመል አለባት፣ ውሃ ታስገባለች። አንድ ዙር እቀዝፋለሁ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ በጆግ እየቀዳሁ እደፋለሁ።

«አዴር፣ ይቺ ነገር ቀዳዳ አላት መሰለኝ» ስለው፣

«ዋርያ! ጀልባ ውሃ ይጠጣል። ግመል እንኳ ይጠጣል፣ ጀልባ ምን ሆኖ ነው የማይጠጣው?» ይለኛል።

አመንኩት። እኔ ባህር የት አይቼ!

ፈቃዷ ቲኬት የምንቆርጥበት ጎጆ ውስጥ ተሰቅሏል። ላሚኔት የተደረገ፣ ትልቅ ቀይ ማኅተም ያለበት፣ ከላይ እስከ ታች ፈረንሳይኛ። ሻጩ «ወረቀቷ ይኸው» ብሎ ነው ለአዴር የሰጠው። ያየው ሁሉ ያከብረዋል። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ደንብ አስከባሪ መጥቶ አፈጠጠበት። ፈረንሳይኛ አይችልም፣ ቁጥር ግን ይችላል።

«ይሄማ ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል! ሳይታደስ ለዒድ ውሃ ላይ እንዳላያችሁ!»

ለአዴር የሚቀርበት የአንድ ቀን ገበያ ነው። የኔ ግን ሌላ ነው... እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች። «ዒድ ዕለት መጥቼ ሥራ ላይ በዓይኔ ካላየሁህ፣ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ትመለሳለህ።» መስከረም ላይ ዘጠነኛ የምትገባው ደግሞ ማን ናት? ታናሽ እህቴ! «አጠገቤ ወንበር እይዝልሃለሁ» እያለች ገና ከአሁኑ ታበሽቀኛለች።

ለዛ ነው ወረቀቱን ከግድግዳ አውርጄ መስኮቱ ላይ የቆምኩት።

«ፍሬን አለው?» አለች ሴትዮዋ።

«መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ነዋ!»

«ቦሎውስ የት ሊለጠፍ ነው? የፊት መስታወት አለው?»

«ግንባሬ ላይ ለጥፊልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስማ አንተ ልጅ። የጀልባ ቅጽ የለኝም። ይሄ የመኪና ነው። ባዶ እጅህን እንዳትመለስ ብዬ ነው በዚህ የምሞላልህ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ይቅርታ እትዬ» አልኩ።

«ይቅርታው ይቆይ። የድሮው ፈቃድ ምን እንደሚል ሳላውቅ ግን አላድስም። አስተርጉመህ ና።»

በሦስት ቀን ፈረንሳይኛ ከየት አባቴ ላምጣ? ይሄኔ ከኋላዬ የተሰለፉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አምጣው ልጄ።» ለካ ዕድሜያቸውን አዲጋላ ባቡር ጣቢያ የጨረሱ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ከአለቆቼ ስድብ ነው አሉን።

መነጽራቸውን አደረጉ... አነበቡ... አወለቁ፣ ጠረጉት፣ እንደገና አደረጉ።

«ይሄን የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ግድግዳ ላይ። ሰው ሁሉ እንዲያየው።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። ጀርባቸውን ደበደብኩላቸው።

«ልጄ... ይሄ ፈቃድ አይደለም፣ እገዳ ነው! ‹ይህ ጀልባ ሥሩ ስለተሰነጠቀ፣ እስኪታደስ ድረስ ውሃ ላይ እንዳይወጣ› ነው የሚለው!»

ሁለት ዓመት ሙሉ እገዳችንን ላሚኔት አድርገን ሰቅለናል። ደንብ አስከባሪው ደግሞ «እገዳችሁ ቀኑ አልፎበታልና አሳድሱ» ብሎናል ማለት ነው።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

«በል፣ እኔ የማድሰው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ጀልባው ይታደስ ነው የሚለው። መጀመሪያ እሱን አድሳችሁ ኑ።»

ለአዴር ስነግረው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ወላሂ... ማኅተሙ ግን ያምር ነበር» አለ።

ዒድ ዕለት እናቴ መጣች። ጀልባዋ ኩሬው ዳር ተደፍታለች። እኔ ላይዋ ላይ ተንበርክኬ፣ ሮቶ የሚጠግን ሰውዬ እንዳሳየኝ አድርጌ ስንጥቁን እደፍናለሁ። ፊቴ ሳይቀር ማጣበቂያ ሆኗል። ሕዝቡ ተደፍታም አልተዋትም፣ ተደግፏት ፎቶ ይነሳል... አዴርም ቲኬት ይቆርጣል!

እናቴ ብዙ ቆማ አየችኝ። በቃ፣ ወንበሩ ተያዘልኝ አልኩ በሆዴ። ጎንበስ አለችና በጣቷ አሳየችኝ።

«እዚህ ጋ ቀርቶሃል።»

ደፈንኩት። በጣቷ ጫን ብላ አየችው።

«በል ቀጥል። ላንድ ዓመት አድሼልሃለሁ።»

ማኅተም የላትም... ግን ጎማው ስንት ነው ሳትል ያደሰችልኝ እሷ ብቻ ናት።