የጋራዡ ቁልፍና የቀኝ የፊት ጎማ

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጥዬ ጋራዥ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ግን የሞተር ድምፅ በስልክ አሰሙኝና ምን እንደጎደለው እነግራችኋለሁ። አንዴ አንድ ሹፌር ከጅጅጋ ደውሎ አሰማኝ፤ ቀበቶዋ ሊበጠስ ነው አልኩት፤ ሳቀብኝ። ወላሂ ባቢሌ ሳይደርስ ተበጠሰ። እናቴ ወላሂ ስል ስትሰማ የክርስቲያን ልጅ አይደለህም ወይ ብላ ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ፣ ሐረር ነው ያደግኩት፣ አፌ የሰፈሩ ነው።

የምሠራበት ጋራዥ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ጋር ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ሐጅ ሊሄዱ ሆነና የጋራዡ ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጥ የሚል ነገር መጣ። ቁልፍ የያዘ ማለት ጠዋት የሚከፍት፣ ደንበኛ የሚያናግር፣ ይሄን ፍታ ያን እሰር የሚል ሰው ነው። እኔ በልቤ ቁልፉን ከወሰድኩት ቆይቻለሁ። እናቴማ ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ጨርሳለች።

ያ ልጅ ባይመጣ ኖሮ።

ከድሬዳዋ ነው የመጣው፣ ገና አራት ወሩ ነበር። ቴክኒክ ተምሮ ዲፕሎማ ይዟል። መኪና ላይ ሲሰካ ችግሯን ጽፎ የሚያወጣ ማሽን አለው፤ እንደ ሙሽራ ሻንጣ ነው ተሸክሞት የሚዞረው። ቱታው ይታጠባል። የሜካኒክ ቱታ ሲታጠብ ያየሁት ያኔ ነው። ሳምቡሳ የምትሸጥልን ሴትዮ ለእሱ ትልቁን መርጣ ነው የምታወጣው። ደንበኞቹ እኔን ስምንት ዓመት ሙሉ «አንተ» እያሉ ሲጠሩኝ ኖረው፣ እሱን በስምንት ቀኑ ኢንጂነር አሉት። ቅናት እንዳይመስላችሁ። ቅናት ነው።

ጋሼ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የሚስታቸው ወንድም ከድሬ ጠያራ መጡ። ሽንኩርትና ድንች ነጋዴ ናቸው፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ነጭ አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው። የፊቷ መከላከያ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። የሐኪም ጋራን ቁልቁለት ከዝናብ በኋላ ሲወርዱ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ድርቅ አለ፣ መኪናዋ ተንሸራታ የድንጋይ አጥር መታች። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። አልሐምዱሊላህ ማንም አልተጎዳም አሉ።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ፦ ኤቢኤስ የሚባለው ፍሬን ስትረግጥ ጎማው ደርቆ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ነው። በየጎማው ጉያ ሴንሰር አለ፣ ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚዞር ያያል። ከአራቱ አንዱ ካላየ ኤቢኤሱ በሙሉ ሥራ ያቆምና ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ያ ልጅ መብራቱ በርቶ ነበር ወይ ብሎ ሐጂን ጠየቃቸው። እሳቸው በጭራሽ አሉ። ዳሽቦርዱን ፈታው። መብራቱ ላይ ጥቁር ናስትሮ፣ የሽቦ ማሸጊያው ፕላስተር፣ ተለጥፎበታል።

የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አትፍረዱብኝ፤ እኛ ጋ ደንበኛ ይሄ መብራት አስጨነቀኝ፣ አጥፋልኝ ነው የሚለው። ሴንሰር ከየት ይመጣል? ናስትሮ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አለ። ግማሹ የሐረር መኪና ቢጫ መብራቱ እንደታሰረ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ግን ናስትሮ ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ። ጋሼ ናስትሮውን በጣታቸው ላጥ አድርገው አዩትና ማን እንደለጠፈው አልጠየቁም።

«ይቺን መኪና የገዛ ልጄ ያለባት አድርጋችሁ ሥሩልኝ» አሉ ጋሼ። «ማን እንዴት እንደሚሠራ አያለሁ። ቁልፉንም ከዚያ ነው የምሰጠው።»

ቀድሜ ዘለልኩ። ክሪክ አስገብቼ ጎማ ፈታሁ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ከሥር እስከ ላይ በጣቴ ዳሰስኩ፣ ጭቃውን አራገፍኩ፣ ሶኬቱን በቤንዚን አጠብኩ፣ የተላጠውን ጠቀለልኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እየሠራሁም እያወራሁ ነው፤ ይቺን መኪና እኮ ጥርሷን ሳይቀር አውቃታለሁ፣ የቀኝ የፊት ኩሽኔታዋን፣ ጎማዋ የሚዞርበትን ብረት፣ በዚህ እጄ ነው የቀየርኩላት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅ አሰምታ አታውቅም እያልኩ። ሞተሯን አስነሳሁ። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ቀረ።

እሱ ማሽኑን ሰካ። የቀኝ የፊት ጎማ ሴንሰር ምልክት አይሰጥም አለ።

«አቦ፣ ይሄንንማ እኔም ደርሼበታለሁ» አልኩት።

«ታዲያ የፈታኸው የግራውን ነው እኮ» አለኝ።

ሳምቡሳ ሻጯ ሳቀች። እሷ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?

ከዚያ አብረን ነዳናት። እሱ መሪ ያዘ፣ እኔ ማሽኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የአራቱን ጎማ ፍጥነት እያነበብኩ፦ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ዜሮ። ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ዜሮ። መኪናዋ በሦስት እግሯ የምትሄድ ይመስል ነበር። ማሽኑ ደስ ይላል፣ እውነቱን ልናገር። ደስ ማለቱም አናደደኝ።

ስንመለስ ሽቦውን በቴስተር ለካ፤ ደህና ነው፣ ኮረንቲ ይደርሰዋል። ሴንሰሩን ከድሬዳዋ ይዞት በመጣው ሌላ ቀየረ። አሁንም ዜሮ። ደስታዬ እንዳይታይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማሽኑም ዲፕሎማውም ተሟጠጠ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ትንሽ አሰበና አንድ መርፌና አንድ ክር ፈልግልኝ አለኝ። ቱታውን ሊሰፋ መስሎኝ እየሳቅኩ ሄጄ መንገድ ዳር ካለ ልብስ ሰፊ ለመንኩለት።

መርፌውን በክሩ አንጠልጥሎ በግራው ጎማ የሴንሰር ቀዳዳ ወደ ኩሽኔታው አስጠጋው። መርፌው ሄዶ ልጥፍ አለ። ወደ ቀኙ ሄደና እዚያም አስጠጋው። መርፌው ዝም ብሎ ተንጠለጠለ።

«የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ አንድ ጎኑ ማግኔት አለው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ሴንሰሩ የሚያየው ማግኔቱን ነው። ይሄኛው ተገልብጦ ነው የገባው።»

ያን ኩሽኔታ ሳስገባ ትዝ አለኝ። አንዱ ጎኑ ጥቁር ነው፣ አንዱ ቡናማ። ቡናማው ያምራል። ደንበኛ ሲያየው ደስ ይበለው ብዬ ያማረውን ወደ ውጭ፣ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርጌ በፕረስ ገፍቼ አስገባሁት። ለካ ማግኔቱ ያማረው ጎን ነው። ያኔ መብራቱ ሲበራ፣ አሮጌ መኪና መቼ አመል አጥታ ታውቃለች ብዬ ናስትሮ ለጠፍኩ።

ጋሼ የዐስር ሰላት ሰግደው መጡና ምን አገኛችሁ አሉ። ያ ልጅ አየኝ። የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል፤ ጠዋት ሙሉ ስፎክርበት ሰምቷል።

«ኩሽኔታው ነው ጋሼ» አለ። «ዕቃው ከፋብሪካው ጀምሮ ብልሽት ያለው ይመስለኛል። የማንም ጥፋት አይደለም፣ እንቀይረዋለን።»

ሰው ነፍሱን ሲያተርፉለት ያመሰግናል አይደል? እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዲፕሎማው የእሱ፣ ማሽኑ የእሱ፣ ትልቁ ሳምቡሳ የእሱ፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ሊወስድ? እድሜዬን ሙሉ ይሄ ልጅ አዳነኝ እያልኩ ልኖር?

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ገልብጬ ያስገባሁት። ናስትሮውም የኔ ነው።»

ይሄን ሀቀኝነት እንዳትሉት። ያን ሰዓት እውነት ባይቀድመኝ ኖሮ ቡጢ ነበር የሚቀድመኝ።

እኔ ስድብ ስጠብቅ ጋሼ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«መብራቱ ሲበራ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ስምንት ዓመት ካስተማርኩህ ውስጥ የቱ ላይ ነው ሸፍን ያልኩህ?»

ኪሴ ውስጥ የነበረውን ናስትሮ አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደዚያ ልጅ ዞሩና አንተም ዋሽተኸኛል አሉት። ሐጅ የሚሄድ ሰው እቤት እየዞረ ሁሉንም አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፣ የሰው ሐቅ ይዞ አይሄድም። እሳቸው ደግሞ ያን ሳምንት ሸዋ በርን ከነጉሊቱ እየዞሩ አፉ ሲያስብሉ ነው የከረሙት። ይሄን ሳላውቀው ብሄድ ኖሮ የሐጂን ሐቅ ተሸክሜ ነበር የምሄደው አሉ።

አዲሱን ኩሽኔታ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ አጠገቤ ቆመው። ቡናማው ጎን ወደ ውስጥ። ያ ልጅ ማሽኑን ይዞ አነበበ፤ አራቱም ሃያ። ሐኪም ጋራ ወጥተን አሸዋማው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በኃይል ረገጥኩት። ኤቢኤሱ ሲሠራ ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገፈገፈ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው ይዘውኝ ድሬ ጠያራ ሄዱ። መንገድ ላይ ቀልድ ሞከርኩ፣ አልሳቁም። ሐጂ ድንች እየለዩ ነበር። ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እጃቸውን አራገፉና ልጃቸውን ጠሩ፤ እድሜዋ አሥር ቢሆን ነው። «ለእሷ ንገራት» አሉ። ይሄን አልጠበቅኩም። ለእሷ መናገር ለሐጂ ከመናገር ባሰብኝ፤ ያማረው ጎን ምናምን ብዬ ስቀባጥር ቆማ ታየኛለች። ስጨርስ አባቷን አየች፣ ከዚያ አፉ ብያለሁ አለችና ሮጣ ገባች። ሐጂም አፉ አሉን፣ ለእኔም ለጋሼም።

ጋሼ የሄዱ ቀን ቁልፉን ለዚያ ልጅ ሰጡት። ሁላችንም ፊት። የሱ ውሸት ሌላውን ለመሸፈን ነው፣ ያንተ ራስህን አሉኝ፤ ስመለስ ደግሞ እንነጋገራለን አሉ። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? ቁልፍ መያዝ ጣጣ ስለሆነ ለእሱ ተውኩለት አልኳት። አላመነችኝም፣ ግን ለጎረቤት እንደዚያው ብላ ነገረች።

አሁን ያ ልጅ ይሄን ፍታ ሲለኝ እፈታለሁ። አነጋገሩ ትሁት ነው፣ እባክህ ይላል፤ እሱም ያናድዳል። መብራት ከበራ ናስትሮ አላወጣም፣ ማሽኑን ስጠኝ እለዋለሁ፣ ይሰጠኛል። ጠዋት ጠዋት ከሱ ቀድሜ እደርሳለሁ። ቁልፉ እሱ ጋ ስለሆነ ግን የተዘጋው በር ላይ ተደግፌ ነው የምጠብቀው። ከታች ብቅ ሲል አርፍደሃል እለዋለሁ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው።