በጋሼ ምላስ ላይ የወጣው ቁስል

ጴንጤ ከሆንኩ በኋላ ጋሼ አያናግረኝም ነበር። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባታችን ሲሞቱ ወደ ኮልፌ አምጥቶ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ከግቢው አላስወጣኝም። ግን በአንድ ገበታ እየበላን፣ የሚለኝን ሁሉ በሚስቱ በኩል ነበር የሚልክብኝ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «ስትወጣ በሩን ትዝጋ በያት» ይላታል። እሷም ወደ እኔ ዞራ «ሰምተሻል» ትለኛለች።

ያኔ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ኮልፌም በባሕር ዛፍ መሐል ተበታትነው የቆሙ ቤቶች እንጂ ከተማ ለመባል ብዙ ይቀራት ነበር። ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው በረንዳ ላይ ስለነበር ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ክር ወደ መርፌ ሲያስገባ ጫፉን በምላሱ ያረጥባል። አንድ ቀን ክሩን ወደ አፉ አስጠጋና መለሰው፤ አጠገቡ ካለው የውሃ ጣሳ ነክሮ በጣቱ አሾለው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከአፉ አልነቀል አለ። በቀኝ በኩል ብቻ ያኝካል። ሚጥሚጣ ካልነሰነሰ የማይጥመው ሰው፣ ወጡ አልጫ ይሁንልኝ አለ። ሚስቱን ብጠይቃት «የተሰበረው ጥርሱ እየቧጠጠው ነው» አለችኝ። በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል፣ ጤና አዳም ይይዝበታል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ፤ ቁስሉ ግን እዚያው ነው። እኔ የፈራሁት ግራ ጆሮውን በመዳፉ ደግፎ ሲሰፋ ባየሁት ቀን ነው። የአፍ ቁስል ጆሮ ድረስ ምን ወሰደው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ ነበር። ፊቱ ቆምኩና «ጋሼ፣ አፍህን ክፈት» አልኩት።

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን አገባት በያት።»

«እሷን ተዋት። እኔን እየኝ። ክፈት!»

በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። ደንግጦ ይሁን ደክሞት፣ ከፈተ። ምላሱን በመሐረብ ይዤ ወደ ጎን ሳብ አደረግኩት። በግራ ጠርዙ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዙሪያው የነጣ መሐሉ የቀላ ቁስል አለ። በጣቴ ስነካው ደረቅ ያለ ነገር ነው፤ መሐረቡ ላይም ደም ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት በፊት» አለ። ለእኔ ነበር ያለው። ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ፈረንጁ ሐኪም አፉን በባትሪ አየ፤ አንገቱን በሁለት እጁ ቀስ እያለ ዳበሰ። ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ወሰደና በሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ በድሬሰሩ በኩል፣ ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳል አለን። ጋሼ «ምንድን ነው አለ?» ቢለው ድሬሰሩ «ሳይመረመር አይናገርም» አለው። ደጅ ስንወጣ ግን ጋሼ እኔን ያዘኝ።

«ነቀርሳ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

እሱ በየማለዳው ከሚስቱ ጋር ጸበል መሄድ ጀመረ። እኔ ደግሞ መጋረጃው ተዘግቶ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በምንጸልይበት ቤት ነገሩን ተናገርኩ። በዚያው ሰሞን ማታ እራት ላይ «እናንተ ዘንድ ጸለያችሁልኝ?» አለኝ።

«አዎ።»

«በክርስትና ስሜ ነው?»

«አይ፣ ቤት በምንጠራህ ነው።»

«ታዲያ በምኑ ያውቀኛል!» ብሎ ተቆጣ። ሚስቱ ሳቋ መጣባት፤ እኔም አልቻልኩም።

ከዚያ ማውራት ያዘ። የማላስታውሳትን እናታችንን ያወራልኛል፤ ዶሮዎቿን ስትጠራ እንዴት እንደምታፏጭ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ እንደምትሸፍን። ሚስቱ «ተው፣ ታደማዋለህ» ብትለውም አይሰማትም። እኔም ዝም በል ማለት ነበረብኝ፤ ግን እናቴን ገና መስማቴ ነበርና አልቻልኩም።

በቀጠሮው ቀን ድሬሰሩ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየኝ፤ ያኔ ገባኝ። ነቀርሳ ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ወደ አንገቱም አልወረደም፤ ያ የምላሱ ጎን ተቆርጦ ይወጣል። ጋሼ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መናገር እችላለሁ?»

«ይችላሉ፤ ግን እንደ ድሮው አይሆንም» አለው ድሬሰሩ።

እንዳለውም ሆነ። ካገገመ በኋላ ቃላቱ ይንሻፈፉበት ነበር፤ ደንበኞቹ «ምን አልክ?» ሲሉት ይናደዳል። ቁስሉ ግን አልተመለሰም፤ ብዙ ዓመት ኖረ። እኔ የማመልክበት ቤት አንድም ቀን አልገባም፤ ስለ እምነት በተነሳ ቁጥርም እንከራከራለን። በሠርጌ ቀን ሽማግሌዎቹ ይመርቁ ሲባል ቀድሟቸው ተነሣ። ረጅም ምርቃት ነበር። ግማሹ ሰው የሚለው አልገባውም፤ ግን አሜን ያላለ አልነበረም።